የራትሪ ግንባር

«ሦስት ሰዓት ሙሉ እኮ ነው ፊትሽ ላይ የምትተነፍሰው። ትችይዋለሽ?»

ዉርያኒ ይህን የሰማችው በታናሽ እህቷ ጓሮ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቁጢጥ ብላ እግሯን ስትታጠብ ነው። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ አይዘልቅም፤ ከበላዩ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍት ነው፤ ከወዲያ በኩል ወጥ ቤቱ አለ። ስለዚህ የሚቁላላው ሽንኩርትም የሚወራው ወሬም እኩል ይገባል። የተናገረችው እህቷ ሙርዲያቲ ነበረች። የምታናግራት ደግሞ ልጇን ራትሪን ነው፣ የዛሬዋን ሙሽራ። ዉርያኒ መጀመሪያ ስለ ማን እንደሚወራ አልገባትም። እንዲያውም ምስኪን ማን ትሆን ብላ በሆዷ አዘነችላት።

«እማዬ፣ ለምን በግልጽ አንነግራትም?» አለች ራትሪ።

«ምን ብዬ? ታላቅ እህቴን ቁጭ አድርጌ አፍሽ ይሸታል ልበላት? እስቲ አንቺ ንገሪያት፣ ከሆነልሽ።»

ሙርዲያቲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያሰበችውን አስረዳች። ከሆቴሉ ዊንዳ የምትባል የሙሽራ አስጌጪ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ለዉርያኒ ደግሞ ሰባት ቀን ጾመሽ ደክመሻል፣ ዛሬ እንደ ታላቅ ሰው ተከብረሽ ተቀመጭልን፣ ከፈለግሽ የእኔን ጸጉር ትሠሪያለሽ ይሏታል። ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም አለች ሙርዲያቲ። ዉርያኒ ጣሳውን ይዛ ክው ብላ ቀረች። ውሃው ከጣሳው እየተንጠባጠበ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲወርድ ይሰማታል፤ ግን እጇን ማንቀሳቀስ አቃታት። መዳፏን አፏ ላይ ደቅና ተነፈሰችበትና አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ይኸው ነው እንግዲህ የዚህ ነገር ክፋቱ፤ አገር ሲሸተው ባለቤቱን አይሸተውም።

ዉርያኒ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሙሽራ ያስጌጠች ሴት ነች። የጃቫ ሙሽራ ፊቷ ሳይሆን ግንባሯ ነው ፈተናው። መሐል ላይ የእንቁላል ጫፍ የመሰለ፣ ከግራና ቀኝ ቀጠን ቀጠን ያሉ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግሞ የሚወርዱ ጥቁር ቅርጾች በእጅ ይሳላሉ። ጸጉር በምታህል መዛነፍ የሙሽራዋ ፊት ይጣመማል። ሰዓሊዋ ከሙሽራዋ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጥማ ነው የምትሠራው። ሲያልቅ ቢስሚላህ ብላ የሙሽራዋን ግንባር ሦስት ጊዜ እፍ ትላለች፤ ያኔ ሙሽራዋ ውበቷ ይወጣል፣ የገዛ እናቷ እስክትጠራጠር ድረስ ትለወጣለች ይባላል። ይህ እፍታ እንዲሠራ አስጌጪዋ አስቀድማ ነጩን ጾም መጾም አለባት፤ ከነጭ ሩዝና ከውሃ በቀር ምንም አትቀምስም፣ የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ውሃውም ይቀራል። ዉርያኒን ሙያውን ያስተማሯት አማቷ ሦስት ቀን ይበቃል ይሉ ነበር።

ታዲያ ከስድስት ዓመት ወዲህ ነገር ተበላሸባት። ሙሽሮች ጭንቅላታቸውን ወደኋላ መሳብ ጀመሩ። እጇ ግንባራቸው ላይ ሲያርፍ አንገታቸው ይገተራል፤ መስመሩ ይዛነፋል፤ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ሁሉም ደግሞ ከንፈራቸውን ከፈት አድርገው ይቀመጣሉ። «አፍሽን ግጠሚ ልጄ፣ መስመሩ ይሄድብኛል» ትላቸዋለች፤ ጥቂት ገጥመው መልሰው ይከፍቱታል። ፍርሃት ነው፣ የዛሬ ልጆች ልባቸው አይረጋም ብላ አለፈችው። እያደር ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ጾሜ ደክሞ ነው፣ እፍታዬ ኃይሉ ሸሽቶኛል አለች። ስለዚህ ጾሙን ወደ አምስት ቀን ከፍ አደረገችው። ሙሽሮቹ ባሰባቸው። ወደ ሰባት አደረሰችው። ከዚህ በኋላማ የሚጠሯት ሰዎች ራሳቸው ቀነሱ። ለራትሪ፣ በክንዷ ላይ ላደገችው ልጅ፣ ዘንድሮ ሰባቱን ቀን ድፍን አድርጋ ጾማ፣ ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ ነው ዛሬ ማለዳ የመጣችው። ምላሷ እንደ ካርቶን ደርቋል።

እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ዓመታቱ አንድ በአንድ መጡባት። ባሏ ጉናዲ ከአራት ዓመት በፊት ፍራሹን ሳሎን ያወጣው ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ ብሎ ነው፤ ክረምት ሲመጣም አልተመለሰም። ጎረቤቷ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር ሚንት ከረሜላ ታመጣላታለች፤ ዉርያኒ ደግ ሴት እያለች ስታመሰግናት ኖራለች። ሙርዲያቲ ራሷ ከጠረጴዛ ወዲያ ማዶ ካልሆነ አጠገቧ አትቀመጥም። ደግሞ በኮሮና ጊዜ፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ ሲሠራ፣ ሙሽሮቹ ቀጥ ብለው ይቀመጡላት ነበር፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት ጾሜ የሰመረባቸው ብላ ትናፍቃቸዋለች። ስንት ግንባር፣ ስንት ልጅ! በሠርጋቸው ቀን ትንፋሻቸውን ይዘው የቻሏት፣ ከዚያም እጇን የሳሟት። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ማልቀስ ፈለገች፤ ነገር ግን ግድግዳው አጭር ነው።

ተነሥታ እግሯን ሳታደርቅ ጫማዋ ውስጥ ከተተች። የዕቃ ሳጥኗን እዚያው ትታ በጓሮ በር ወጣች። በሩ አጠገብ ሩዝ የምታጥብ የአጎታቸው ልጅ ወዴት ነው እትዬ ስትላት፣ አበባ ረሳሁ፣ እመጣለሁ አለቻት። ስታወራ አፏን በእጇ ሸፈነች። እድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን ነገር፣ አሁን እጇ ራሱ ሄዶ አደረገው።

መንገዱ ላይ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ያዘች። ነጂው ሽማግሌ ነው፣ ወሬኛ። ሠርጉ የት ነው፣ ሙሽራው የየት ሀገር ልጅ ነው፣ የዶሮ ሥጋ ኪሎው አርባ ሺህ ሩፒያ ገባ አይደል እያለ ከኋላዋ ይጠይቃል፤ እሷ በአንገቷ ብቻ ትመልሳለች። ከፊት በመቀመጧ፣ እሱ ከኋላ በመሆኑ ፈጣሪን አመሰገነች። ከትልቁ ገበያ ጀርባ የጥርስ ሐኪም ቤት እንዳለ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት አልፋው ሄዳለች፤ ምክንያቱም ከእሱ ፊት ለፊት፣ ትልቅ አፍ የተሳለበት ቢጫ ሰሌዳ ያለው ጥርስ ሠሪ አለ። ያኔ አራት የፊት ጥርሶቿ ሲሰበሩ የዚያን ጊዜው ሐኪም ሥሩ ይነቀል፣ ድዱ ይዳን፣ ሦስት ወር ትመላለሻለሽ አላት፤ ጥርስ ሠሪው ግን በአንድ ከሰዓት፣ በግማሽ ዋጋ፣ ከሥሩ በላይ የፕላስቲክ ጥርስ ለጠፈላት፤ እሷም ሣቀች። ቆንጆ ጥርስ ነበር። ሙሽሮች ከማን ነው ያሠራሽው ብለው ይጠይቋት ነበር።

አሁን ያለችው ሐኪም ልጅ ነች፣ ራትሪን የምታህል፤ ስሟ ፓራሚታ ይባላል። ማስክ በማስክ ላይ አድርጋለች። ምን ሆነው ነው እናቴ ስትላት ዉርያኒ ጥርሴን ያመኛል አለች። የትኛውን ስትላት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሁለት ከሩብ ይላል። የሠርጉ ውል የሚታሰረው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንግዲህ እዚህ ድረስ መጥቶ መግደርደር ምን ይሠራል?

«አፌ ይሸታል» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ሐኪሟ አልደነገጠችም፣ አላዘነችም፤ መብራቱን ጎተት አድርጋ ይክፈቱ አለች። በቀጭን ብረት ፕላስቲኩንና ድዱን ለየት ስታደርገው አንድ ነገር ፍርጥ አለ፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዉርያኒን ራሷን ሸተታት። የበሰበሰ ሽታ ነው። ከገዛ አፏ! ዓይኗን ጨፈነች፤ በጆሮ ግንዷ ላይ እንባዋ ወረደ፤ ሐኪሟ አመመዎት ብላ ጠየቀች፤ አላመመኝም አለች፣ እውነቷን ነው። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ጥርሱ የተለጠፈው በበሰበሰ ሥር ላይ ነው፤ ምግብ ከሥሩ ይገባል፣ አይወጣም፤ ብሩሽ አይደርስበትም፤ ድዱ መግል ይዟል። ምላስዎንም አይፍቁትም አይደል አለቻት። ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ ወይ ብላ ጠየቀች፣ አፍዎ እንዲህ የደረቀው በምን ነው። ዉርያኒ ስለ ጾሙ ነገረቻት። ሦስት ቀን እንደነበረ፣ አምስት እንዳደረገችው፣ ሰባት እንዳደረሰችው። ሐኪሟ ብረቱን አስቀመጠች።

«እናቴ፣ አፍን የሚያጥበው ምራቅ ነው። ምራቅ ሲደርቅ ሽታው ይብሳል። እርስዎ ልክ ሙሽራ ሊነኩ ሲሉ ነው የሚያደርቁት።»

ዉርያኒ ጾሙን ባጠበቀች ቁጥር ማባሷን፣ ሙሽሮቹን ላስውብ ብላ እንዳሠቃየቻቸው አሰበችው። በሷ ቤት ጾሙ መሥዋዕት ነበር። ሐኪሟ ሁለት መንገድ ሰጠቻት። ዛሬ ሠርግ ካለብዎት ላጥበውና በሚቀጥለው ሳምንት እናውጣው፤ ወይም አሁኑኑ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ግን የፊት ጥርስ አይኖርዎትም፤ ሥሮቹ እስኪነቀሉና ድዱ እስኪድን ሌላ ማስገባት አይቻልም፤ ሁለት ወር ይሁን ሦስት። ዉርያኒ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ አሰበች። ከሰማራንግ የሚመጡትን አክስቶች አሰበች፤ እነሱ ደግሞ ዓይናቸው ለክፉ ነው።

«ብታጥቢው ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«አንድ ሰዓት። ቢበዛ።»

«የእኔ ሥራ ሦስት ሰዓት ነው» አለች ዉርያኒ፤ «አውጪልኝ ልጄ።»

መሰርሰሪያው ግማሽ ሰዓት ጮኸ። ሐኪሟ ፕላስቲኩን ለሁለት ቆርጣ አወጣችው፤ ከሥሩ ያለውን አጠበች፣ ምላሷን ፋቀች፣ ድዷ ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል መድኃኒት ቀባች። ጥርሶቹ የብረት ሳህኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አሁንም ነጭ ነው፣ ጀርባቸውን ማየት አያስፈልግም። ለሥራውና ለሰጠቻት እንክብል ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሩፒያ ተጠየቀች፤ ለሙሽራዋ አበባ የያዘችውን ገንዘብ አውጥታ ከፈለች። ሐኪሟ አንድ የላስቲክ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። ይጉመጥመጡ፣ ከዚያ ሌላ ቀድተው ይጠጡ፣ እስከ ማታ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ይጠጡ አለቻት። ዉርያኒ ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ጾሙን ከፈታች ለራትሪ የምትሰጣት እፍታ ባዶ ነፋስ ነው፤ እንዲህ ነው የተማረችው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያመነችው። ፈራች። ከዚያ ጠጣች። እንዲህ የሚጣፍጥ ውሃ ጠጥታ አታውቅም፤ እሱም ራሱ አሳፈራት።

ስትመለስ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ወጥ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ የሰማራንግ አክስቶችም ደርሰው ከሩዙ እንፋሎት አጠገብ ተቀምጠዋል። በጓሮ በር ስትገባ አንዷ እንዴ የት ጠፋሽ፣ እየፈለጉሽ ነው እኮ አለቻት። ዉርያኒ እጇን ከአፏ ሳታነሣ ወደ ውሃው ማሰሮ ሄደች። ብርጭቆ አነሣች፣ ውሃ ቀዳች፣ በሁሉም ፊት እጇን አውርዳ ጠጣች። ሽንኩርት የምትከትፈዋ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዉርያኒ ከንፈር በስተጀርባ አራት ጥርስ የሚያህል ጥቁር ክፍተት አለ፤ ውሃው በአገጯ ላይ ፈሰሰ። ሙርዲያቲ አዲሱን ሐር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯ ግማሹ ተይዞ ከውስጥ መጣች።

«እትዬ! ምን ሆንሽ? ጾምሽስ?»

ዉርያኒ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከክፍተቱ ነፋስ ስለሚወጣ ቃሉን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ጠዋት መታጠቢያ ቤት ነበርኩ» አለች።

ሙርዲያቲ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ አየች፣ ከበላዩ ያለውን ክፍተት አየች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። እዚያው የሩዝ ጆንያ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች፤ ሐሩ ይቆሽሻል ያለም የለም። አንዷ አክስት ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ሩዙ ያርራል እሳቱን ቀንሱት አለች። ማንም ከቦታው አልተነሣም። ዉርያኒ ሳጥኗን ካስቀመጠችበት አንሥታ ወደ ሙሽራዋ ክፍል አለፈች።

ዊንዳ ሥራዋን ጨርሳ ብሩሾቿን እያጸዳች ነበር። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነች። የራትሪ ፊት ተቀብቶ፣ ዓይኗ ተኩሎ፣ ጸጉሯ ተሰብስቦ አልቋል። ግንባሯ ግን ባዶ ነው። ዊንዳ ተነሥታ አንገቷን ደፍታ፣ እማማ፣ የቅርጹን የተቆረጠ ወረቀት ግንባሯ ላይ አድርጌ ልስል ነበር፣ ሙሽራዋ ግንባሬን እንዳትነኪ የአክስቴ ነው ብላ ከለከለችኝ አለች። ከዚያም አስተዋይ ሆና መጋረጃውን መልሳ ወጣች። ራትሪ የአክስቷን አፍ በመስታወቱ ውስጥ አየች። እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ብላ ተወችው። ዉርያኒ ሰላም ሳትላት፣ ሳትቆጣትም፣ በርጩማውን ጎትታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና እርሳሱን አወጣች።

አንድ ሰዓት ከግማሽ ሠራች። በመሐሉ ሁለቴ ውሃ ጠጣች። መሐሉ ወጣ፣ ግራና ቀኙ ወጣ፣ ጥቁሩን በቀጭኗ የቀርከሃ እንጨት ሞላችው። ራትሪ ጭንቅላቷን አንድ ጊዜም አልሳበችም። ነገር ግን ዉርያኒ ዝቅ ብላ ስታይ የልጅቷ ከንፈሮች ከፈት ብለዋል። እንደ ሌሎቹ ሁሉ። በአፏ ነው የምትተነፍሰው። ዛሬ ዉርያኒ ያ የተከፈተ ከንፈር ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ልቧ ስንጥቅ አለ። ጥርሷን አስወልቃ፣ ጾሟን ፈትታ፣ ተዋርዳ፣ ያም ሆኖ ይህቺ ልጅ እየቻለቻት ነው። የቀርከሃዋን እንጨት አስቀመጠች።

«አፍሽን ግጠሚ ልጄ» አለች፤ «በአፍንጫሽ ተንፍሺ። የሚሸትሽን ንገሪኝ። እንዳትዋሺኝ።»

ራትሪ ዓይኗን ወደ መጋረጃው ጣል አደረገች። ከዚያ አፏን ገጠመች። ዉርያኒ ፊቷን አስጠግታ በክፍተቱ ውስጥ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀች።

«ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» አለች ራትሪ።

«ሌላስ?»

የልጅቷ እንባ የተኳለውን ዓይኗን ሊያበላሽ ሆነ።

«ከሥሩ ትንሽ አለ፣ አክስቴ። ትንሽ። እንደ በፊቱ አይደለም።»

ዉርያኒ አፈረች፤ እንደገና ፊቷ ጋለ። ነገር ግን በስድስት ዓመት ውስጥ እውነቱን ፊት ለፊት የነገራት ሰው ይህቺ ልጅ ብቻ ነች፤ ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር፣ ዕረፍት የሚመስል ነገር አገኘች። ተባረኪ አለቻት። የልጅቷን እንባ ከመውረዱ በፊት በጥጥ ጠብ አድርጋ ያዘችው። ቢስሚላህ ብላ ወደ ግንባሯ ተጠጋችና እፍ አለች። ጥርስ የሌለው አፍ እፍ ማለት እንደማያውቅ ያኔ ነው የገባት፤ ነፋሱ ተበትኖ ከምራቅ ጋር ወጣ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንደዚያው አለች። ራትሪ አፏን እንደገጠመች፣ በአፍንጫዋ እየሳበች፣ ሦስቱንም ተቀበለች።

መጋረጃው ሲነሣ ሙርዲያቲ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም። ሐር ቀሚሷ ከኋላው የሩዝ ዱቄት ይዟል። ልጇን አየች፤ አላወቀቻትም ለማለት ይቻላል። ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ወንበር ነበር፤ ሁልጊዜ የምትቀመጠው እንዲህ ያለው ላይ ነው። ዛሬ አልፋው መጣች። የያዘችውን ብርጭቆ ውሃ መሬት አስቀምጣ እህቷ ፊት ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ከጉልበቷ፣ ፊቷ ከፊቷ እስኪነካካ ተጠጋች። የዉርያኒ እጅ ራሱ ተነሥቶ አፏን ሸፈነ። ሙርዲያቲ እጇን ይዛ ቀስ ብላ አወረደችው።

«እስቲ ክፈችው እትዬ» አለች፤ «ልየው።»

ዉርያኒ ከፈተችላት።